ብቻውን በኪምበርሊ

በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ በተባለው ምድር፣ የጊብ ሪቨር መንገድ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። አብዛኛው ፒስታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሲሠራ ለቱሪስት ሳይሆን ለከብት ጭነት ታስቦ ነበር፤ ዛሬ ብቻውን የሚነዳ መንገደኛ ሁለት ስኮርታ ጎማ ጭኖ ይገባበታል።

ብልሃቱ ወሩን መምረጥ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የሚወርደው ዝናብ መንገዱን ይዘጋል፤ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለውን የቤል ሸለቆ ፏፏቴ የሚሞላውም ያው ዝናብ ነው። እናም በግንቦት የደረሰ ፏፏቴውን ሲያገሳ ያገኘዋል፤ በመስከረም የመጣ ቀጭን ጅረት ያያል።

እንዲሁ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለው የዊንጃና ሸለቆ ግድግዳዎች ከ350 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ባሕር ውስጥ የተገነቡ የኖራ ድንጋዮች ናቸው። ከሥራቸው አዞዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። እነዚህስ በአብዛኛው ሰው አይነኩም፤ የሚያስፈራው መንገዱ የሚያቋርጠው የፔንተኮስት ወንዝ የጨው ውሃ አዞ ነው። እዚያ ጥልቀት በእግር አይለካም፤ ብቸኛው አሽከርካሪ ሌላ መኪና ሲሻገር ዳር ቆሞ ቢያይ ይሻለዋል።