ሁለት ስም፣ አንድ ሰው
(በሐረር ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በጁገል ግንብ አጠገብ ተሰብስበን የምንነጋገረው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድና በዚህች ከተማ ስለ ኖረ አንድ ነጋዴ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የስም ነገር ነው።

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1886 ነው። ጄኪል በሎንዶን የተከበረ ሐኪም ሲሆን፣ መድኀኒት ቀምሞ እየጠጣ ሃይድ ወደሚባል ጨካኝ ሰው ይለወጣል። ብዙዎቻችን ታሪኩን የደግና የክፉ ጠብ ብቻ አድርገን እናነበዋለን። ነገር ግን ጄኪል ራሱ እንደሚናዘዘው፣ የወጣትነት ጥፋቱ ሌላው ሰው በግልጥ የሚያወራው ዐይነት ነበር። እርሱ ግን በሰው ፊት መከበርን አጥብቆ ስለ ወደደ ሸሸገው። ወዳጆቹም ስሙ እንዳይጐድፍ ብለው ዝም አሉ። እንግዲህ ሃይድን ያሳደገው መድኀኒቱ ብቻ አይደለም፤ ለስም መሳሳትም ነው።

በዚያው በ1886 የአርቱር ራምቦ ግጥሞች በፓሪስ መጽሔት ሲወጡ፣ እርሱ በታጁራ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ መንገድ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በፊት በ1880 ወደ ሐረር መጥቶ ለአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ገጣሚ እንደ ነበረ ባርዴ የሰማው ከሌላ ሰው ነው፤ ራምቦም ሲጠየቅ ያን ዘመን እየናቀ ያልፈው ነበር።

ልዩነቱን እንመልከት። ጄኪል የሸሸገው ነውሩን ነው፤ ራምቦ ግን ዓለም በኋላ ያከበረለትን ነገር ሸሸገ። ጄኪል በፊት በርና በጓሮ በር ሁለት ኑሮ ሲኖር፣ ራምቦ አንዱን በር ዘግቶ ሄደ። ይሁን እንጂ በ37 ዓመቱ፣ በ1891 ማርሴይ ላይ ከሞተ በኋላ የተዘጋውን በር ሌሎች ከፈቱት። ዛሬ በጁገል «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጐበኘው ቤት እርሱ የኖረበት ለመሆኑ ማስረጃ ባይኖርም፣ ስሙን ተሸክሞ ቆሟል።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ተማሪዎች የጓደኛችንን ጥፋት ሁሉ የመኝታ ቤት ወሬ ስናደርገው፣ መታረምን ሳይሆን መሸሸግን እናስተምረዋለን። ጥፋቱን የተናገረ ሰው በመካከላችን ስሙን እንዳያጣ እናድርግ። ያን ጊዜ ሌላ ሰው መስሎ በጓሮ በር መውጣት አያስፈልገውም።