ቤቷን ትምህርት ቤት ያደረገች እናት



ልጆቿን በቤቷ የምታስተምር አሜሪካዊት እናት ዱቄት እየሰፈረች ክፍልፋይ ታስረዳለች፤ ታናሹ ሲያለቅስ የታላቁ ንባብ ይቋረጣል። ደመወዝ የለውም እንጂ፣ በእኔ እምነት ይህ ሙሉ የመምህርነት ሥራ ነው።

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1993 ወዲህ ልጅን በቤት ማስተማር በ50ውም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን ይለያያል። ኒው ዮርክ የትምህርት ዕቅድና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትጠይቃለች፤ ቴክሳስ ቤተሰቡ እንዲመዘገብ እንኳ አታስገድድም። ቁጥጥሩን የሚቃወሙ እናቶች፣ ልጃቸውን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ይሟገታሉ። ሙግታቸው የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን፣ ሪፖርት መጻፍ ቢሰለቸኝም፣ ለኒው ዮርክ አደላለሁ፤ ማንበብ ያቃተውን ልጅ ከእናቱ ሌላ የሚያይለት ሰው ያስፈልጋል። ያም ሰው ወረቀት ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ሳይሆን፣ ልጆችን ያስተማረ ቢሆን እመርጣለሁ።