የጎደለውን ላይብረሪ ስለ መፈለግ



የፍለጋ ሰርቨር እንደ ልማዱ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሌላው ፕሮግራም ጥያቄውን በኔትዎርክ ይልክለታል፤ መልሱንም በዚያው ይቀበላል። በጃቫ የተጻፈው ሶላር ግን ሌላም መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲኔት በተባለ ኩባንያ ውስጥ ተጀምሮ በ2006 ለአፓቺ ድርጅት የተሰጠው ይኸው ሰርቨር፣ ኔትዎርክ ሳያስፈልገው በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ተከትቶ ሊሠራ ይችላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

ሰርቨሩ ለብቻው ሲቆም የሚደገፍባቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ይዞ ይመጣል። በሌላ ቤት በእንግድነት ሲገባ ግን ስንቁን የሚያሰናዳለት ባለቤቱ ነው። ባለሙያው ዋናውን የሶላር ጃር ያስገባል፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ስሕተት ኮምፓይል ይደረጋል፤ ሥራ ሲጀምር ግን አንድ ክላስ አልተገኘም ብሎ ይቆማል። ይህስ ስለ ምን ሆነ ቢሉ፣ ኮምፓይለሩ በዋነኛነት የሚመረምረው ባለሙያው በቀጥታ የጠራቸውን ክላሶች ስለሆነ ነው። እነዚያ በተራቸው የሚጠሯቸው ሌሎች የሚፈለጉት በሥራ ሰዓት ነው።

ለምሳሌ ያህል በቀደሙት እትሞች ዘንድ ጎድሎ የሚገኘው የሰርቭሌት ላይብረሪ ነበር። ከኔትዎርክ ጥያቄ የማይቀበል ፕሮግራም ሰርቭሌት ምን ያደርግለታል ያሰኛል። ነገር ግን በሶላር ውስጥ ጥያቄን የሚተነትነው ክፍል የሰርቭሌትን ክላሶች በስማቸው ስለሚጠራ፣ እነርሱ ካልተገኙ ሥራው አይቀጥልም። ሰርቨሩ ለብቻው ሲቆም ጄቲ ያቀርብለት ስለነበር ጉድለቱ አይታይም ነበር።

የቸኮለ ባለሙያ የጎደለውን ክላስ ስም ይዞ ያገኘውን ጃር ሁሉ ይሰበስባል። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው ይከፈታል፤ እትማቸው የማይጣጣም ሁለት ጃሮች ሲገናኙም ክላሱ ተገኝቶ በውስጡ ያለው ሜተድ ይታጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ ነው። ማስተዋል ያለበት ግን እንደ ሜቨን ባለ መሣሪያ የጥገኝነቱን ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ ያወጣል፤ የሶላርን ጃሮች በአንድ እትም ያስተካክላል፤ ከሁለት የተጋጩ እትሞችም የትኛው እንደ ተመረጠ ያረጋግጣል።

ይህ የድካም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የመዝገብ ላይብረሪ ውስጥ ከባድ የደኅንነት ጉድለት ሲገለጥ፣ ከ7.4.0 እስከ 7.7.3 እና ከ8.0.0 እስከ 8.11.0 ያሉት የሶላር እትሞች ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። የጥገኝነት ዝርዝሩን በእጁ የያዘ ሰው አደጋው በቤቱ መኖር አለመኖሩን ወዲያው ሊያውቅ ይችል ነበር። ጃሩን ከየትም ለቃቅሞ የከተተ ግን ምን እንዳስገባ እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ባለሙያው የጎደለውን ከመፈለጉ አስቀድሞ፣ ሰርቨሩን መክተቱ በእርግጥ ያስፈልግ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። ለሙከራና ለልዩ ጉዳይ ካልሆነ በቀር፣ ለብቻው አቁሞ በኔትዎርክ መጠየቁ ይበልጣል። መክተቱ ግድ ከሆነ ደግሞ የሚያስገባውን እያንዳንዱን ላይብረሪ በስሙና በእትሙ ይወቀው፤ ነገ ስለ እርሱ ተጠያቂው ባለቤቱ ነውና።