የክበባችሁ ድረ ገጽ፦ ሲበላሽ እንዴት ይጠገናል? በልካችሁስ እንዴት ይስተካከላል?

(በመቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክበባት አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፌስቡክ ወይም ስለ ቴሌግራም አይደለም። እነሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። የማወራችሁ ራሳችሁ ለክበባችሁ አቋቁማችሁ፣ ራሳችሁ ልታስተዳድሩት ስለምትችሉት ማኅበራዊ መረብ ነው። ዎርድፕረስ የሚባል የብሎግ መጻፊያ ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ሲሆን በነጻ ይገኛል። በእሱ ላይ የሚጫን ቡዲፕረስ የሚባል ሌላ ሶፍትዌር አለ፤ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በዚያን ጊዜ የሚሠራው ብዙ ብሎጎችን በአንድ ላይ በሚያስተዳድረው የዎርድፕረስ ዓይነት ላይ ብቻ ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ግን በተራው ዎርድፕረስ ላይም ይሠራል። ቡዲፕረስ ሲጫን ያ አንድ ሰው ብቻ ይጽፍበት የነበረ ብሎግ አባላት የሚመዘገቡበት፣ የየራሳቸው ገጽ የሚኖራቸው፣ ጓደኛ የሚያፈሩበት፣ ቡድን የሚመሠርቱበት፣ መልእክት የሚለዋወጡበት መድረክ ይሆናል።

ነጻ መሆኑ ደስ ይላል። ግን ምን መሰላችሁ፣ ነገሩ ሰልባጅ እንደ መግዛት ነው። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ስፌቱም ጠንካራ ነው፤ ልኩ ግን የተወሰደው በሌላ ሰው ቁመት ነው። ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማሳጠር፣ ማስጠበብ ያስፈልጋል። ሰልባጅ ሲሰፋን ሰው አይቶ ይስቃል፣ በቃ። የማኅበራዊ መረብ ሶፍትዌር ሳይስተካከል ሲለበስ ግን የሰው ምስጢር አደባባይ ሊወጣ ይችላል። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጥገናው። አንድ የወጣቶች ክበብ «ድረ ገጻችን አልሠራም አለ» ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ስደርስ ልጆቹ ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አጥፍተው ሦስት ጊዜ እንደገና ጭነውታል። ችግሩ ግን እዚያው እንዳለ ነው፤ የአባላት ዝርዝር ሲነካ «ገጹ አልተገኘም» ይላል። እንግዲህ «አልሠራም» ማለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ምንህን? ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ በፊት ምን በላህ? እነዚህ ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው።

እዚሁ እኛ ባለንበት እንዳ ኢየሱስ በጥር 1888 ዓ.ም. የሆነውን ከታሪክ ትምህርታችሁ ታስታውሳላችሁ። በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው የጣሊያን ጦር ምሽግ ውስጥ ነበር። ምሽጉን ፊት ለፊት መግጠሙ ሰው ከማስጨረስ በቀር አልረዳም። በኋላ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ጠላት ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ ተያዘና ምሽጉ በውሃ ጥም ተለቀቀ። ሦስት ጊዜ አጥፍቶ መጫን ግድግዳውን መደብደብ ነው። ምንጩ የት እንዳለ ማየት ይቀድማል።

የነዚያ ልጆች ምንጭ የአድራሻው አጻጻፍ ነበር። ዎርድፕረስ የገጾቹን አድራሻ እንዴት እንደሚጽፍ የሚወስን «ፐርማሊንክ» የሚባል ማስተካከያ አለው። አሮጌዎቹ የቡዲፕረስ ቅጂዎች በተራ ቁጥር የተጻፈ አድራሻ ሲሆን የአባላቱን ገጽ ማግኘት አይችሉም። ማስተካከያውን ከፍቶ በስም የተጻፈ አድራሻ መምረጥና «ሴቭ» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አንዳንዴማ ምንም ሳይለወጥ «ሴቭ» የሚለውን መጫን ብቻ ይበቃል፤ አድራሻዎቹ እንደ አዲስ ይመዘገባሉና።

ሁለተኛው የተለመደ ምንጭ ጠብ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ማለትም «ፕለጊን» የምንለው፣ ሌላ ሰው የጻፈው ነው። የገጹን መልክ የሚወስነው «ቲም»ም እንዲሁ። ሁለቱ ሊጣሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከቡዲፕረስ በስተቀር ሁሉንም ፕለጊን አጥፉ፣ ቲሙን ወደ ዎርድፕረስ የራሱ ቲም መልሱ። ችግሩ ጠፋ? እንግዲያው አንድ በአንድ መልሳችሁ አብሩ። እንደገና ሲበላሽ፣ መጨረሻ ያበራችሁት እሱ ነው። ገጹ ጭራሽ ነጭ ሆኖ መግባት ካልቻላችሁ፣ ሰርቨሩ ላይ የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም ለውጡት፤ ሁሉም ባንዴ ይጠፋሉ፣ በሩም ይከፈታል። አደራ የምለው ነገር ቢኖር በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ። ሁለት ነገር ለውጣችሁ ቢስተካከል የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

«ተመዝግቤ ነበር፣ ግን መግባት አልቻልኩም» የሚል አባል ካጋጠማችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማረጋገጫው ኢሜይል አልደረሰውም፤ ወይም አላስፈላጊ መልእክት የሚጣልበት ውስጥ ገብቷል። አስተዳዳሪው ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ በመጠባበቅ ላይ ያሉትን አይቶ በእጁ ሊያስገባቸው ይችላል። ኢሜይል ከፍቶ የማያውቅ ተማሪ ብዙ ስለሆነ ይህችን ቦታ በየቀኑ ጎብኟት።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን አንድ አድርጎ «አማርኛው ተበላሸ» ይላል።

ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ አትደንግጡ። ጽሑፉ ደህና ነው፤ የሚያነበው ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። ፎንቱ ሲጫን ወይም ከድረ ገጹ ጋር አብሮ እንዲመጣ ሲደረግ ይስተካከላል። ጽሑፉ ሰረዝና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደላት ቅልቅል ሆኖ ከታየ፣ ተጽፎ የተቀመጠው በአንድ ስልት፣ እየተነበበ ያለው በሌላ ስልት ነው። ይህም ቢሆን ባለሙያ ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሦስተኛው፣ ጽሑፉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሲታይ ነው። ይኸኛው መጥፎ ነው። ዳታቤዙ የተከፈተው የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ በሚቀበል ስልት ስለነበረ የእናንተን «ሰላም» ሲያይ የማያውቀው ሆኖበት በቦታው የጥያቄ ምልክት አስቀምጧል። ዋናው ጽሑፍ የትም የለም። ከባክአፕ ካልሆነ አይመለስም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ዩቲኤፍ ስምንት በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ዳታቤዙን ገና ስትከፍቱ ዩቲኤፍ ስምንት መሆኑን አረጋግጡ። አንድ አባል ሳይመዘገብ በፊት «ሀ» ብላችሁ ጻፉበትና «ሀ» ብሎ ይመልስላችሁ እንደሆነ እዩ። ከድሮ ሰነድ ገልብጣችሁ ስትለጥፉም ተጠንቀቁ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነገር ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል፤ መለወጫ ያስፈልገዋል ወይም እንደገና መጻፍ አለበት።

የመግቢያ ስም በአማርኛ ለመጻፍ የሞከረ ተማሪ «የማይፈቀድ ፊደል» ይባላል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የዎርድፕረስ ሕግ ነው፤ መግቢያው በላቲን ይሁንና በገጹ ላይ የሚታየው ስም በፊደላችን ይሁን። ፍለጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «ሀይሌ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ኃይሌ» አይወጣም፤ ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «መቀሌ» ብሎ የሚፈልግም «መቐለ» ብሎ የጻፈውን አያገኝም። ጓደኛው አልተመዘገበም ብሎ የሚደመድም ተማሪ ስንት ነው! ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ከመፈለጉ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ የምትለውጥ ትንሽ ኮድ ጻፉ። ጥሩ መለማመጃ ናት፤ ለክበባችሁም ትጠቅማለች።

የትውልድ ቀን የሚል ሳጥን ስታስገቡም ልብ በሉ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። በእኛ 2001 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ 2001 ብሎ ቢሞላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ የአሥራዎቹ ልጅ በሶፍትዌሩ ዓይን አዋቂ ይሆናል። እኔን ብትጠይቁኝ ሳጥኑን ጭራሽ አውጡት። ክፍሉን መጠየቅ ይበቃል። የሰዓቱንም ነገር፣ ከማስተካከያው ውስጥ አዲስ አበባን ምረጡ፤ አለዚያ ሁሉ ነገር ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

እሺ፣ አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት ልሂድ።

ቡዲፕረስ አባላት የሠሩትን ሁሉ እየተከተለ የሚያስታውቅ ገጽ አለው። እገሌ ከእገሊት ጋር ጓደኛ ሆነ፤ እገሊት ይህን ቡድን ተቀላቀለች ይላል። ለእግር ኳስ ቡድን ቢሆን ማን ይጠላል? ግን እስቲ አስቡት። አንድ የጸረ ኤድስ ክበብ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ ወጣቶች መወያያ የሚሆን ቡድን ከፈተ እንበል። ሐሳቡ ቅን ነው። ቡድኑ ግን ሲከፈት «ፐብሊክ» በሚለው ቀርቷል። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ማታ ብቻዋን ሆና «ተቀላቀል» የሚለውን ነካች። በዚያች ደቂቃ ስሟ ከነአባቷ ስም የፊት ገጹ ላይ ወጣ። ማንም ሰርጎ አልገባም፤ ሶፍትዌሩም አልተበላሸም። የተሠራበትን ሥራ ነው የሠራው። ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚጠብቃትን ግን ሶፍትዌሩ አያውቅም፣ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቡድን ሦስት ዓይነት ነው። «ፐብሊክ» ለሁሉም ክፍት ነው። «ፕራይቬት» በጥያቄ ብቻ የሚገባበት ነው፤ ውስጡ አይታይም፣ ስሙ ግን በቡድኖች ዝርዝር ላይ ይታያል፤ አባሏ ገጽ ላይ ባሉት የቡድኖቿ ዝርዝር ውስጥም ሊታይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ፕራይቬት» ሲል ተደብቋል ይመስለዋል። ሦስተኛው «ሂድን» ነው፤ ስሙም ለውጭ ሰው አይታይም፣ የሚገባውም የተጋበዘ ብቻ ነው። ምስጢር ላለበት ነገር ከዚህ በታች አትውረዱ። ክፍት የነበረውን ቡድን ወደዚህ ከለወጣችሁ በፊት የወጡ ማስታወቂያዎች መጥፋታቸውን በዓይናችሁ እዩ፤ ከቀሩ በእጃችሁ ሰርዙ።

በአባላት ገጽ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሳጥንም ማን እንደሚያየው ይወሰናል፤ ሁሉም ሰው፣ አባላት ብቻ፣ ጓደኞቼ ብቻ፣ እኔ ብቻ። ዋናው የስም ሳጥን ግን ሁልጊዜ ለሁሉም የሚታይ ስለሆነ፣ አባላት እዚያ ላይ ሙሉ ስም ሳይሆን መጠሪያ ብቻ እንዲጽፉ ንገሯቸው። ስልክ ቁጥር የሚል ሳጥን ለምን ያስፈልጋል? የማትፈልጉትን አትጠይቁ። ያልተጠየቀ ቁጥር አይሾልክም። በአዲሶቹ ቅጂዎች ደግሞ መድረኩን በሙሉ ለአባላት ብቻ ማድረግ ይቻላል፤ ለትምህርት ቤት ክበብ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

የግል መልእክትስ? ለሌሎች አባላት አይታይም። ዳታቤዙን መክፈት ለሚችል ሰው ግን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይነበባል፤ አልተመሰጠረም። ይህንን ለአባላት በግልጽ ንገሯቸው። «ልመርመር ወይ? ፈራሁ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ማን ሊያነብበት እንደሚችል የማወቅ መብት አለው። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ከሁለት ሰው በላይ እጅ አይግባ፤ ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ አስተዳዳሪ ሲኖር በዚያው ዕለት ይለወጥ።

ለመለማመድ ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም። ዛምፕ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁን ሰርቨር ያደርገዋል፤ ዎርድፕረስንና ቡዲፕረስን እዚያው ጭናችሁ እንደፈለጋችሁ ብትሰብሩት የሚጎዳ የለም። ባክአፑንም በእጃችሁ ያዙ፤ ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን ዳታቤዙንም፣ ምክንያቱም አባላት የጻፉት ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው በሙሉ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ የነበረ ሰው ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

አባላት ከመጋበዛችሁ በፊት የመጨረሻ ሥራ አለ። አስተዳዳሪ ሆናችሁ ስታዩት ሁሉም ነገር ይታያችኋል፤ ስለዚህ አስተዳዳሪ ምስክር አይሆንም። አንድ ተራ አባል መዝግቡና በእሱ ግቡ። ቀጥሎ በሌላ ስልክ፣ ምንም ሳትገቡ፣ እንደ አላፊ አግዳሚ ክፈቱት። እያንዳንዱን ገጽ ንኩና ያያችሁትን በወረቀት ጻፉ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረ አንድ የሰው ስም ካለ፣ ያ ሰው እዚያ መታየት ይፈልግ እንደሆነ ሄዳችሁ ጠይቁት።

እስቲ አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።