ጨረር ያለበት መድኃኒት የተወጋ በሽተኛና ቤተ ሰቡ



ነቀርሳ ወደ አጥንት ሲዛመት የሚያመጣው ሥቃይ ሌሊቱን እንቅልፍ፥ ቀኑን ዕረፍት የሚነሣ ነው። በተለይም ፕሮስቴት ከሚባለው የወንዶች ዕጢና ከሴቶች ጡት የሚነሣው ነቀርሳ ወደ አከርካሪ፥ ወደ ዳሌና ወደ ጎድን አጥንት ይሄዳል። ሕመሙ በአንድ ስፍራ ብቻ ሲሆን በጨረር መሣሪያ ከውጭ ይታከማል፤ በብዙ ስፍራ ሲበተን ግን ሐኪሞች ጨረር ያለበትን መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣሉ።

ይህ እንዴት ይሠራል ቢባል፥ ስትሮንቲየም የተባለው ንጥረ ነገር በጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል አጥንት ይቀበለዋል፤ ይልቁንም ነቀርሳው ባወከው ስፍራ ይከማቻል። ቻርልስ ፔሸር የተባለ የቤልጅክ ተወላጅ በአሜሪካ አገር በበርክሌይ ይህን መርምሮ፥ ሥራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ታትሟል። የአሜሪካ መንግሥትም በዚሁ አቆጣጠር ስትሮንቲየም 89ን በ1993፥ ራዲየም 223ን በ2013 ፈቅዷል።

በሽተኛው መርፌውን ተወግቶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ታዲያ ልጆቹ ሊፈሩት ይገባልን? «ጨረር» የሚለውን ቃል የሰማ ቤተ ሰብ ሳሕኑን ቢለይ፥ ልጆቹንም ቢያርቅ አያስደንቅም። ነገር ግን ሥቃዩ ሊቀልለት የሄደ ሰው በብቸኝነት እንዲሠቃይ ማድረግ ነው።

ይህ ፍርሃት ስፍራውን የሳተ ነው። የስትሮንቲየም 89 ጨረር በሥጋ ውስጥ ከ8 ሚሊሜትር ያህል አያልፍም፤ ከራዲየም 223 የሚወጣው ዋናው ጨረር ደግሞ የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ እንኳ አይሄድም። ስለዚህ ከአባት ጎን መቀመጥም ሆነ አባትን ማቀፍ ልጅን አይጎዳም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሰውነት ለሚወጣው ነው፤ ስትሮንቲየም ይበልጡን በሽንት፥ ራዲየም ይበልጡን በዓይነ ምድር ይወጣልና።

እንግዲህ በሽተኛው ለአንድ ሳምንት ያህል ተቀምጦ ይሽና፤ ከተጠቀመ በኋላ ውሃውን ደጋግሞ ይልቀቅ፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሽንት ወይም ደም የነካው ልብስና አንሶላ ለብቻው ይታጠብ፤ አስታማሚውም ጓንት ያድርግ። ሽንቱን መቆጣጠር ለማይችል በሽተኛ ሐኪሙ ቱቦ ማስገባትን ያስብበታል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን መድኃኒት አትወጋም።

ደግሞም ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብሶ ቢገኝ ተስፋ አይቍረጥ፤ በስትሮንቲየም ዕረፍቱ የሚመጣው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። መድኃኒቱ መቅኔን ስለሚያደክም ግን የደም ምርመራ ቀጠሮ ሊቀር አይገባም።

በ1997 በአሜሪካ የወጣው ደንብ በሽተኛው የሚለቀቀው በእርሱ ምክንያት ሌላ ሰው የሚያገኘው ጨረር ከ5 ሚሊሲቨርት የማይበልጥ መሆኑ ሲታመን ነው ይላል፤ ከ1 ሚሊሲቨርት ሊበልጥ የሚችል ከሆነም መመሪያው በጽሑፍ እንዲሰጠው ያዛል። መልካም ደንብ ነው። ሆኖም ወረቀት ብቻውን ፍርሃትን አያርቅም። በሽተኛውንና አስታማሚውን አንድነት አስቀምጦ፥ «ከዚህ ተጠንቀቁ፤ ይህን ግን አትፍሩ» ብሎ በቃል ማስረዳት የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። ይህን የተረዳ ቤተ ሰብ እጁን ይታጠባል እንጂ ከሕመምተኛው አይሸሽም።