ላኪና ተቀባይ የሚስማሙበት ቃል



በደቡብ ጎንደር በስተምሥራቅ፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በልዩ ልዩ አገር ድጓ የተማረ ሰው በመምህርነት ለመመረቅ ሲሻ ወደዚያ ይሄዳል። በዚያም የሚመሰከርለት የድምፁ ማማር ሳይሆን፣ በሩቅ የተማረው ዜማና ምልክት በምስክር ቤቱ ከሚጠበቀው ጋር አንድ መሆኑ ነው። ዛሬ የማቀርበው የኮምፒዩተር ጉዳይ ከዚህ የራቀ ቢመስልም፣ የሁለት ወገን ስምምነት ጥያቄ በመሆኑ ዝምድና አለው።

ግኑ ኤማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ ማለትም ኤዲተር፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ የቀረበ ነው። ፋይል በተፈለገ ቁጥር ፕሮግራሙን እንደገና ማስነሣት ጊዜ ስለሚወስድ፣ አንድ ጊዜ የተነሣው ኤዲተር ሰርቨር ሆኖ ይቆያል፤ ኤማክስክላየንት የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ክላየንት ሆና ትእዛዝ ታደርስለታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው 23ኛው እትም ጀምሮ ኤዲተሩ መስኮት ሳይከፍት ከበስተጀርባ ሆኖ ትእዛዝ መጠበቅ ይችላል።

የሁለቱ መነጋገሪያ በሶኬት የሚላክ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ቃላቱ በክፍት ቦታ ስለሚለያዩ፣ በፋይል ስም ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ «&_» ተብሎ ይጻፋል፤ «&» ራሱ ሲያጋጥም ደግሞ «&&» ተብሎ ይደገማል። ውሉ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንዱ ወገን ብቻውን ቢለውጠው ሌላው ደንቆሮ ይሆናል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 27ኛው እትም የሶኬቱ የተለመደ መቀመጫ ተዛወረ። ስለዚህ ከአሮጌ እትም የቀረ ክላየንት አዲሱን ሰርቨር ላያገኘው ይችላል፤ ባለቤቱ ቤት ተቀምጦ ሳለ መልእክተኛው የቀድሞውን በር ያንኳኳል።

የራሴንም ስሕተት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ኤዲተር የሚያስተላልፍ አነስተኛ ኮድ እንድጠብቅ ተሰጥቶኝ ነበር። የተንዛዛ ስለ መሰለኝ አሳጠርሁት፤ ባይቶቹም እንደ ደረሱ ወዲያው ወደ ፊደል እንዲለወጡ አደረግሁ። በላቲን ፊደል በተሰየሙ ፋይሎች ሞከርሁት፤ ሠራ። በማግስቱ አንድ ባልደረባዬ የአማርኛ ስም ያላቸውን ብዙ ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ ሲከፍት የአንዱ ስም ተበላሽቶ ደረሰ። ኤዲተሩም በተበላሸው ስም የተቀመጠ ፋይል ስላላገኘ አዲስ ባዶ ገጽ ከፈተለት። የሦስት ሳምንት ድካሙ የጠፋ መስሎት ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ፋይሉ በቦታው ነበር፤ የጠፋው ስሙ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ቦታ አግኝቷል፤ በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍም እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በሶኬት የሚሄድ መልእክት ግን በማናቸውም ባይት ላይ ሊቆረጥ ይችላል። የ«ድ» ሁለት ባይት ቀድሞ ሦስተኛው ቢዘገይ፣ ለየብቻ የተተረጎሙት ቁራጮች ፊደል አይሆኑም። ኤማክስ ግን ባይቶቹን ሳይተረጉም እስከ መስመሩ መጨረሻ ያጠራቅማል፤ የፋይሉን ስም የሚተረጉመው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ትርፍ ነው ብዬ የሰረዝሁት ይህንኑ ትዕግሥት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ኮድ የሚጠብቅ ባለሙያ ሦስት ነገር እንዲያስብ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሁለቱን ወገን ውል በጽሑፍ ያስፍር፤ ሲለውጠውም ሁለቱንም ወገን አብሮ ይፈትን። ሁለተኛ፣ ክላየንት ማናቸውንም ትእዛዝ ማስፈጸም ስለሚችል፣ ሶኬቱን ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ይጠብቅ፤ ሶኬቱን የነካ ሰው የባለቤቱን ሥልጣን ይዟልና። ሦስተኛ፣ በራሳችን ፊደል ይፈትን። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ 4.1 ይዘትን፣ ደረትን፣ ርክርክንና ድፋትን ጨምሮ 10 የዜማ ምልክቶችን አስገብቷል፤ እነርሱም በፈተናው ይግቡ። እኛ ካልፈተንናቸው ማን ይፈትንልናል?

በቤተ ልሔም ምስክርነት የሚሰጠው «በአገሬ ሠርቶልኛል» ላለ ሰው አይደለም፤ ቀርቦ ለተሰማና ለታረመ ነው። ለኮዳችንም ከዚህ ያነሰ አንጠይቅ።