የቡና ቅጠልና አጉሊ መነጽር

የጨርጨር ተራሮች በቡናቸው ስመ ጥር ስለሆኑ፣ በዚያው ለምትገኘው ለገለምሶ ከተማ ሕፃናት የአጉሊ መነጽርን ጥበብ ሊያስተምር የሚሻ መምህር፣ በመጽሐፍ ከታተመ ሥዕል አስቀድሞ ከጓሮ የተቀጠፈ የቡና ቅጠል ቢያስይዛቸው ይበጃል እላለሁ። ቅጠሉ ሲገለበጥ በስተሥሩ ብርቱካንማ ዱቄት ቢታይ፣ ለተራ ዓይን ትቢያ የሚመስለው ይህ ነገር፣ የቅጠል ዝገት የተባለውን ደዌ የሚያመጣው ረቂቅ ፍጡር በነፋስና በዝናብ ነጠብጣብ ከተክል ወደ ተክል የሚዛመትበት ዘር ነው።

መካከሉ ወፍራም፣ ዳሩ ቀጭን የሆነው መስታወት የብርሃኑን መንገድ ስለሚያጥፍ ዱቄቱ ጎልቶ ይታያል፤ የአንዲቱን ቅንጣት መልክ ለመለየት ግን፣ ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር 100 እጅ 3 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ማይክሮስኮፕ ያሻል። በጤና ጣቢያ የወባን ተውሳክ በደም ውስጥ የሚፈልገው ባለሙያም በ10 እጥፍና በ100 እጥፍ የሚያጎሉ ሁለት ምስሪቶችን አጣምሮ 1000 እጥፍ አጉልቶ ያያል።

በ1674 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሐይቅ ውሃ ውስጥ ረቂቃን ሕያዋንን የተመለከተው ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ ጨርቅ ነጋዴ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ሊቅ አልነበረም። አጉሊ መነጽሩ በሣጥን ተቆልፎበት የመሣሪያውን ስም ብቻ በቃል የሚያጠና ተማሪ ግን (ይህም በየስፍራው አይታጣም) ምን ይመለከታል? መነጽሩ በየተራ ለእያንዳንዱ ልጅ ይሰጠው፤ ወደ ፀሐይ አቅንቶ እንዳያይበት ግን አስቀድሞ ይነገረው፤ የተሰበሰበው ብርሃን ዓይንን ያጠፋልና።